ሻጩ ብርጭቆ ውስጥ ያሳየን ቡናማ ዝቃጭ፤ የቧንቧ ውሃችን ለሕፃን ልጅ ይሆናል?

የጀሞዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። መጀመሪያ ቧንቧው እየተነፈሰ ያስላል፣ ከዚያ ቡናማ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወተት መስሎ ይነጣል። አንዳንድ ቀን ክሎሪኑ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ አንዳንድ ቀን ምንም ሽታ የለውም። ማንቆርቆሪያዬም ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ ብፈገፍገው ተመልሶ ይመጣል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቀኝም ነበር። አሁን ግን ልጄ ሰባተኛ ወሯን ይዛ አጥሚት ጀምራለች። ባለቤቴም በቅርቡ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ መጣ። በዚህ መሃል የውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ ልጅ ወደ ብሎካችን መጣ። ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ፤ አንዱ የኛ የቧንቧ ውሃ፣ ሌላው የእሱ ማሽን ያጣራው። ከዚያ አራት ዘንግ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ አወጣና ሁለቱም ውስጥ ነከረ። የኛ ውሃ እያየነው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ላዩ ላይ አረፋና ዝቃጭ ሰፈፈበት። የእሱ ብርጭቆ ምንም አልሆነም። «ልጃችሁን የምታጠጧት ይህንን ነው» አለን። ጎረቤቴ እዚያው ቀብድ ከፈለች። እኔ ባለቤቴን ላማክር ብዬ አቆየሁት፤ ዋጋው የወር ደመወዙን ይበልጣል።

አማቴ «አፍልተሽ ስጫት፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም» ይላሉ። እህቴ ሃይላንድ ብቻ ግዢ ትላለች። የብሎካችን ኮሚቴ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ በቦቴ እያስመጣ የጋራውን ሮቶ ለመሙላት ገንዘብ እየሰበሰበ ነው። የቱን ልስማ? የምታውቁ ካላችሁ በእግዚአብሔር መልሱልኝ።

ጡረተኛው ላብራቶሪ

እህቴ፣ ከሻጩ ልጀምር፤ ይህ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት የውሃ ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ያቺን መሣሪያ በደንብ አውቃታለሁ። ከዘንጎቹ ግማሾቹ ተራ ብረት፣ ግማሾቹ አልሙኒየም ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ብረቱ ራሱ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባና ይዝጋል። ያየሽው አረንጓዴና ቡናማ ነገር ከዘንጎቹ የወጣ ዝገት ነው፤ ከቧንቧሽ የመጣ አይደለም። የእሱ ብርጭቆ ለምን ሳይደፈርስ ቀረ? ማሽኑ ከውሃው ማዕድኑን ስለሚያወጣ ነው። ማዕድን የሌለው ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፤ ኤሌክትሪኩ ካላለፈ ደግሞ ብረቱ አይሟሟም። ልጁ ተመልሶ ከመጣ የእሱ ብርጭቆ ውስጥ ጨው ቆንጥረሽ ጨምሪበት፤ ያው ቡናማ ይሆናል። ወይም አምቦ ውሃ ግዢና «እስቲ ይህንን ሞክርልኝ» በዪው። አምቦ ማዕድኑ ብዙ ስለሆነ ከናንተ ውሃ በባሰ ይጠቁራል፤ ሰው ግን ለሆዴ ይስማማኛል ብሎ ከፍሎ ይጠጣዋል።

«ፒፒኤም» (በሊትር ይህን ያህል ሚሊግራም እንደማለት ነው) እያለ ቁጥር የሚያነብባት ትንሽ መለኪያም ካለችው ያው ናት። የምትናገረው የሟሟ ማዕድን ብዛት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች ያለውን ጣዕሙ ጥሩ ይለዋል፤ ከ1000 ሲያልፍ ሰው ጣዕሙን እየጠላው ይሄዳል። ታይፎይድ የሚያመጣውን ተህዋስ ያቺ መለኪያ ጨርሶ አታየውም። 100 የምታነብበት ውሃ ሰውን አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል፣ 500 የምታነብበት ደግሞ ምንም ላይል ይችላል።

አሁን ወደ ቀለሙ። ነጩ አየር ነው። ባዶ በሰነበተ መስመር ላይ ውሃ ሲገፋ አየሩ ተጨምቆ ውሃው ውስጥ ይገባል። ብርጭቆ ቅጂና አስቀምጪው፤ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነውና እርሺው። ሥሩ ላይ ደለል ከቀረ ግን ሌላ ነገር ነው። የማንቆርቆሪያው ቅርፊት ካልሲየም ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ድርሻ እንዳለበት ይጠቁማል። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የምታገኘው ውሃ ለስላሳ ነው፣ ከአቃቂ በኩልና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድን ይበዛዋል። ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምረሽ አፍይውና ድፊው፣ ይለቃል። ለጤና አያሰጋም።

ቡናማው ላይ ግን ቆም እንበል። ቀለሙ ራሱ በአብዛኛው ዝገትና መስመሩ ውስጥ የተኛ ደለል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ውሃው ከመምጣቱ በፊት የሆነው ነው። ውሃ ሳይቋረጥ በሚሄድበት ቧንቧ ውስጥ ግፊት አለ፤ ቧንቧው ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ የሚገባ የለም። ፈረቃው ሲዘጋ ግፊቱ ይጠፋል። ያኔ በዚያችው ስንጥቅ በኩል አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። አጠገቡ የፍሳሽ መስመር ወይም ቦይ ካለ የሚገባው ምን እንደሆነ አስቢው። በአልሙኒየም ሰልፌት ረግቶ፣ በአሸዋ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት ከማጣሪያ ጣቢያ በደህና የወጣ ውሃ መንገድ ላይ የሚበላሸው በዚህ ነው። ፈረቃ ያለባቸው የዓለም ከተሞች ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው። ስለዚህ ሌሊት ውሃው ሲመጣ የመጀመሪያውን ለሽንት ቤትና ለወለል ቅዱት፤ የሚጠጣውን ጠርቶ ትንሽ ከሄደ በኋላ ቅጂ። እንቅልፍ እንደሚያሳጣ አውቃለሁ።

ክሎሪን ሸተተኝ ብለሽ አትደንግጪ። በ2008 ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ በየሰፈሩ እየዞርን በቧንቧው ውሃ ውስጥ የቀረውን ክሎሪን እንለካ ነበር። ውሃው በትንሽ ዕቃ ይቀዳል፣ ክኒን ይጨመርበታል፣ ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል። በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ስናገኝ ደስ ይለናል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከዚያ በጣም ባነሰው መጠን ይሸተዋል። የሚገርመው፣ ሮዝ ሲሆን እናቶች ይደነግጡ ነበር፤ «መርዝ አለበት ማለት ነው?» ይሉናል። እኛን የሚያስጨንቀን ጨርሶ ቀለም ያልለወጠው ቤት ነው። አንቺ ጋም ሽታ የሌለባቸውን ቀናት ነው የምፈራው። ሽታው ካስጠላሽ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ ብታሳድሪው በአብዛኛው ይተናል።

አማትሽ ትክክል ናቸው፣ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው። ተህዋስ ለመግደል ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ለምንኖር ግን የሚመከረው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ጃርዲያና አሜባ ክሎሪንን ይቋቋማሉ፣ ማፍላትን ግን አይችሉም። ስለዚህ ለሕፃን ማፍላትን የሚተካ የለም። ሁለተኛ፣ የተፈላው ውሃ የሚበላሸው ከፈላ በኋላ ነው። ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ አድርገሽ ኩባያ እየነከርሽ ከቀዳሽ፣ የገደልሽውን በእጅሽ መልሰሽ አስገባሽው። ክዳንና ቧንቧ ያለው ዕቃ ይሁን፤ ከሌለ ጠባብ አፍ ያለው፣ ተደፍቶ የሚቀዳ።

ስለ ባለቤትሽ አንድ ነገር ልበል፣ ሐኪም ግን አይደለሁም። የተደረገለት ምርመራ ዊዳል የሚባለው ከሆነ፣ ያ ምርመራ ደሙ ውስጥ ያለውን የመከላከያ ምልክት ነው የሚያየው፣ ባክቴሪያውን አይደለም። የድሮ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም «ፖዘቲቭ» ሊያሰኘው ይችላል። እርግጡን የሚያሳየው ባክቴሪያውን ከደሙ አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው። በዚህ አገር ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒት የወሰደው ሰው ሁሉ ታይፎይድ ነበረበት ብዬ አላምንም።

ቧንቧ ሠሪው ከገርጂ

ጋሼ ከመንገዱ እስከ ቆጣሪው ያለውን ነግረውናል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የኔ ነው።

እህታችን፣ ያንን የጋራ ሮቶ ውስጡን ያየ ሰው አለ? ከተሠራ ጀምሮ ማለቴ ነው። እኔ የምጠራው ሮቶው ሲያፈስ ወይ ፓምፑ ሲቃጠል ነው፤ «ታጥቦ ያውቃል?» ስል ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ክዳኑ ተሰብሮ ማዳበሪያ ታስሮበት አይቻለሁ። ውስጡ ስገባ ደለሉ ቁርጭምጭሚቴን የሸፈነበት ጊዜ አለ። የርግብ ላባ፣ የሞተች እንሽላሊት፣ አንድ ብሎክ ላይ ደግሞ የሕፃን ጫማ። ከዚያ ሮቶ ሰው ቡና ያፈላ ነበር። ክሎሪኑም ፀሐይ ላይ ባለ ሮቶ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ሽታ የሌለባቸው ቀናት ያልሽው ከሮቶው የምትቀጂባቸው ቀናት ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። ቆጣሪው ጋ ቅጂና ከሮቶው ከሚመጣው ጋር አሽትተሽ አወዳድሪ።

ማጠቡ ከባድ አይደለም። ባዶ አድርጋችሁ ደለሉን ታወጣላችሁ፣ በብሩሽ ትፈገፍጋላችሁ፣ በሳሙና ግን አይደለም። ከዚያ ሞልታችሁ ለ1000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር ተራ በረኪና፣ 5 በመቶ የሚለውን፣ ሽቶና ሳሙና የሌለበትን። በየቤቱ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሽታው እስኪመጣ ታስወርዱና ዘግታችሁ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ሁሉንም ድፉት፣ አንድ ጊዜ አለቅልቁት። በዚያ ሌሊት ከቧንቧው ማንም እንዳይጠጣ፤ ይህንን በር ላይ ለጥፉ፤ በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ብትጽፉት አዛውንቶቹ አያዩትም። እና ወደ ሮቶው የሚገባው ሰው ብቻውን አይግባ፣ በረኪናውም እሱ ከወጣ በኋላ ነው የሚጨመረው።

ሌላው ነገር ፓምፕ ነው። ብሎካችሁ ውስጥ ፓምፑን በቀጥታ ከመስመሩ ላይ የሰካ ሰው አለ? ብዙ ቦታ አለ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ቀድሞ ልሙላ ብሎ ይሰካዋል። ጋሼ እንዳሉት ግፊቱ ሲጠፋ ቆሻሻ በስንጥቁ ይገባል፤ ይኼ ሰውዬ ደግሞ በሞተር እየሳበ ያስገባዋል፣ ለራሱም ለጎረቤቱም። ውሃው መጀመሪያ በራሱ ግፊት ወደ ታችኛው ሮቶ ይግባ፣ ፓምፑ ከሮቶው ይሳብ። መመለሻ የሚከለክለው ቫልቭም ይኑረው።

ሮቶውን ከመሬት በታች የቀበራችሁ ከሆነ የሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለ እዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን የሆኑበት ግቢ ሠርቻለሁ። ለባለቤቱ ስነግረው «እስካሁን ማን ታመመ?» አለኝ።

ልጅነቴ መቂ

ጋሼ «ማዕድን ለጤና አያሰጋም» ያሉት ለጀሞ ልክ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ያለ ሰው አንብቦ እንዳይዘናጋ ብዬ ነው። ያደግሁት ከመቂ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሽታ የሌለው፤ ከተማ ያለው ዘመዳችን ሲመጣ በጀሪካን ይዞ ይሄድ ነበር። ፍሎራይድ ነበረበት። የኔና የእኩዮቼ ጥርስ ቡናማ ሆኖ የበቀለው በዚያ ነው። አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ይሉኝ ነበር። ጥርሱስ መልክ ነው። አጥንት ላይ ሲወጣ ነው ክፋቱ፤ በሰፈራችን ገና ሳያረጁ አንገታቸውና ወገባቸው አልታጠፍ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ወንጂ ላይም ይኸው ችግር ድሮ ተጠንቶ የታወቀ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ10 የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። ማፍላት ደግሞ ያብሰዋል፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራልና። ክሎሪንም ሆነ የሸክላ ማጣሪያ አይነካውም። የተቃጠለ አጥንት ከሰል የተሞላ ማጣሪያ ያወጣዋል፣ ሌላው መፍትሔ ከሌላ ምንጭ መቅዳት ነው። ያ ሻጭ የሚሸጠው ማሽንም በትክክል ይሠራል፤ ሰውየው ሰፈር ተሳስቶ ነው እንጂ እኛ ጋ ቢመጣ በውሸት ማስፈራራትም አያስፈልገውም ነበር።

የጀሞዋ እናት

እንዴት ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሻጩ ለጎረቤቴ ሊገጥምላት ተመልሶ መጣ። አምቦ ውሃ ገዝቼ ጠብቄው ነበርና «ይህንን ሞክርልን» አልኩት። መሣሪያው ለእንደዚህ ዓይነት ውሃ አልተሠራም አለ። ባለቤቷ ግድ የለም ሞክረው ሲለው ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ወጣ። ቀብዷን ግን አልመለሰላትም፤ ስልክም አያነሣም።

ሮቶውን በተመለከተ፣ ቆጣሪው ጋ የቀዳሁት ክሎሪን ይሸታል፣ ከሮቶው የሚመጣው አይሸትም። እንዳላችሁት ነው። ኮሚቴው ግን አሁንም ሐሳቡ ቦቴው ላይ ነው። የቦቴው ሰው «የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ከቧንቧ ይሻላል፣ ክሎሪን የለበትም» ብሎናል። ይህንን እንደ ጥሩ ነገር ነው የነገረን! ምን ብለን እንጠይቀው? ከሮቶው ውሃ ናሙና ወስጄ ማስመርመርስ እችላለሁ?

ከዲሲ

እህቴ፣ የማጣሪያውን ነገር ሳነብ እኔም ልጽፍ ተነሣሁ። አሜሪካ ስመጣ ቧንቧ ከፍቶ መጠጣት ነው ብዬ ነበር። ዲሲ ውስጥ የተከራየነው ቤት አሮጌ ነው፣ ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚገባው ቧንቧ እርሳስ (ሊድ) ከሚባለው ብረት የተሠራ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ያኔ ነው ታሪኩን ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ እዚህ ከተማ ክሎሪኑን ክሎራሚን በሚባል ሌላ ተህዋስ መግደያ ቀየሩት፤ ዓላማው ጥሩ ነበር፣ ክሎሪን የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውህዶች ለመቀነስ። ነገር ግን የእርሳስ ቧንቧዎቹን ውስጠኛ ግድግዳ ሸፍኖ የያዘው ቅርፊት በዚህ የተነሣ ተፈታ፣ እርሳሱም ወደ ውሃው ገባ። ሕዝቡ በሰፊው ያወቀው በ2004 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ኦርቶፎስፌት የሚባል ነገር መጨመር ጀመሩ፣ አዲስ ሽፋን እንዲሠራ። በመሃሉ ስንት ሕፃን ጠጥቶታል። እርሳስ ሕፃናት አእምሮ ላይ ነው የሚሠራው፣ ጉዳት የለውም የሚባል መጠኑ አይታወቅም።

ለአንቺ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፤ ማፍላት እርሳስን አያወጣም። አዲስ አበባ የእርሳስ ቧንቧ አለ ማለቴ አይደለም። ርካሽ የነሐስ ቧንቧ አፎች ግን እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል፣ ሌሊቱን የቆመ ውሃ ላይ ይወጣል። ለልጅ አጥሚት ከማሞቂያው የሚመጣውን ሙቅ ውሃ አትጠቀሚ፤ ሙቅ ውሃ ብረት በቶሎ ያሟሟል። ቀዝቃዛውን ቅጂና አንቺ አሙቂው። የቧንቧውን አፍ ወንፊትም ፈትተሽ እጠቢው፣ ውስጡ የሚጠራቀመውን ብታዪ።

ደግሞ እዚህም «አፍልታችሁ ጠጡ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ማጣሪያ ጣቢያው ላይ ውሃው ስለደፈረሰ መላው ዲሲ አፍልቶ እንዲጠጣ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በማግስቱ ተነሣ። እናቴ ግን ያኔ እንግድነት መጥታ ነበርና፣ «ለምን ታዲያ ከአገሬ አመጣችሁኝ» ብላ ስትስቅብን ከረመች።

ጡረተኛው ላብራቶሪ

የመቂው ልጅ ልክ ነህ፣ ቃሌን በጀሞ ልገድበው።

እህቴ፣ የቦቴውን ሰው የምትጠይቁት እነዚህን ነው። ጉድጓዱ የት ነው፣ ጥልቀቱስ? መቼ ተመረመረ፣ ወረቀቱን ያሳይ። ቦቴው ሌላ ጊዜ ምን ይጭናል፤ የግንባታ ውሃ ከወንዝ የሚስብ ቦቴ ጠዋት እናንተ ጋ ሊመጣ ይችላል። በመጨረሻም ቱቦው የት ተጥሎ ነው የሚውለው። «ክሎሪን የለበትም» ያለውን እናንተው አስተካክሉት፤ ሮቶው ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ ክሎሪን ጨምራችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ገደማ እንዲቀር አድርጉ። የመዋኛ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡበት መደብር ክሎሪን መለኪያ ወረቀት ይገኛል፣ አንዱ ፓኮ ለብሎኩ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በየቤታችሁ ለምትጠጡት ደግሞ ውሃ አጋር የሚባለው ፈሳሽ ክሎሪን አለ፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው፣ ጨምራችሁም ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድማችሁ አጥልሉት፤ ክሎሪኑን ጭቃው ይበላዋል።

ከጉድጓድ ውሃ ላይ ግን ለሕፃን ስል በጣም የምጠይቀው ናይትሬትን ነው። ሽንት ቤት ጉድጓድ በበዛበት ሰፈር ያለ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ናይትሬት ይይዛል። ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ትልቅ ሰው ብዙም አይሰማውም፤ ትናንሽ ሕፃናት ግን ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ማፍላት ይህንንም ያብሰዋል። ልጅሽ ከሚያሰጋው ዕድሜ አልፋለች፤ ብሎኩ ውስጥ በቆርቆሮ ወተት የሚያድግ ከስድስት ወር በታች ያለ ልጅ ካለ ግን ምንጩ ያልታወቀ የቦቴ ውሃ አይሰጠው። እዚህ ላይ የእህትሽ ምክር ቦታ አለው፣ የታሸገ ውሃ ይገዛለት። ለሁሉም ሰው ለሁልጊዜ ግን ሃይላንድ አልመክርም። ሰው ባዶውን ጠርሙስ እየመለሰ ከሮቶው ይሞላዋል፣ ከዚያ «እኛ የምንጠጣው ሃይላንድ ነው» ይላል።

ናሙና ማስመርመር ትችያለሽ፣ አወሳሰዱን ግን ካበላሸሽው ገንዘብሽን ጣልሽው። ሰዎች በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከትናንት ጀምሮ ይዘውት ይመጡብን ነበር። መጀመሪያ ከላብራቶሪው በእንፋሎት የጸዳ ጠርሙስ ውሰጂ። ውስጡ ትንሽ ነጭ ዱቄት ወይም ጠብታ ታያለሽ፣ እንዳታጥቢው፤ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። እሱ ከሌለ ክሎሪኑ ጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ተህዋሱን መግደሉን ይቀጥላል፣ ውጤቱም ከእውነተኛው ውሃ የተሻለ ሆኖ ይመጣል። የቧንቧውን አፍ በአልኮል ጥረጊ፣ ጥቂት ደቂቃ አስፈስሺ፣ የጠርሙሱን አፍ ሳትነኪ ቅጂ። በረዶ ባለበት ዕቃ አድርገሽ በስድስት ሰዓት ውስጥ አድርሺ። ሁለት ናሙና ውሰጂ፣ አንዱ ከቆጣሪው፣ አንዱ ከኩሽናሽ። የምትጠይቂው ምርመራ ኢ ኮላይ ይባላል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት። አንድም ከተገኘ ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ድርድር የለውም። ቆጣሪው ጋ ዜሮ ሆኖ ኩሽናሽ ከተገኘ ጥፋቱ ከግቢያችሁ ነው፤ ያንን ወረቀት ለኮሚቴው አንብቢላቸው፣ የቦቴውን ገንዘብ ወደ ሮቶው ያዞሩታል።

ማጣሪያ የግድ ከፈለግሽ፣ ውስጡ ሻማ የሚመስል ሸክላ ያለው ማጣሪያ ለአንቺ ይበቃል፤ ለልጅሽ ግን ማፍላቱ አይቀርም። ደለሉንና ባክቴሪያውን ይይዛል፣ ግፊት አይፈልግም፣ ሲደፈን ይፈገፈጋል። ሻጩ ያመጣው ዓይነት የማያቋርጥ ግፊት ይጠይቃል፣ የሚያስወግደውም ውሃ ቀላል አይደለም፤ ሌሊት ተነሥተሽ የቀዳሽውን ወደ ፍሳሽ ስታወርጂው ያቃጥልሻል።

ቧንቧ ሠሪው ከገርጂ

ጋሼ፣ የቆጣሪውና የኩሽናው ነገር ለኔም ገባኝ፣ ከእንግዲህ ለደንበኛ እነግራለሁ።

እህታችን፣ ኮሚቴው ከተስማማ ለእጥበቱ የፈረቃችሁን ዋዜማ ምረጡ። ደለሉን ቀን ታወጣላችሁ፣ በረኪናውን ሌሊቱን ታሳድራላችሁ፣ ጠዋት ደፍታችሁ ስታለቀልቁ አዲሱ ውሃ ይደርሳል። አንድ ብሎክ ፈረቃው ባለፈ ማግስት አጠብን፤ ሰው ሁሉ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ባዶ ጀሪካን ይዞ የኔን ስልክ ሲደውል ሰነበተ። ክዳኑንም አሁኑኑ በ ሽቦ ሳይሆን በቁልፍ አድርጉት። ቁልፉ ግን ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ብቻ አይሁን፣ ሰብሳቢዎች ክፍለ ሀገር ይወጣሉ።